ማሕሙድ አብዱልራኡፍ ያልተጫወታቸው ዓመታት

በ1993–94 የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) የውድድር ዘመን የዴንቨር ናጌትሱ ፖይንት ጋርድ ማሕሙድ አብዱልራኡፍ ነጻ ውርወራ መስመር ላይ ቆሞ 229 ጊዜ ወረወረ። 219ኙ ገቡ። ዓመቱን ሙሉ የሳተው 10 ብቻ ነው። ካልቪን መርፊ በ1980–81 ያስመዘገበው የሊጉ ክብረ ወሰን 95.8 በመቶ ነበር፤ የአብዱልራኡፍ 95.6 ሆነ። ከሳታቸው ከአሥሩ አንዷ ብትገባለት ኖሮ ክብረ ወሰኑ የእሱ ይሆን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። የዚህ ሰው ስም በተነሳ ቁጥር ሰው ቀድሞ የሚያወራው ስለ ሰንደቅ ዓላማና ስለ ብሔራዊ መዝሙር ነው። ጨዋታው ከወሬው ሥር ተቀበረ። ምን ዓይነት ተጫዋች እንደነበረ ያላወቀ ሰው ደግሞ ምን እንደቀረበት ሊገባው አይችልም።

በ1969 ሚሲሲፒ ውስጥ በጋልፍፖርት ከተማ ሲወለድ ስሙ ክሪስ ጃክሰን ነበር። ያለ አባት፣ በድህነት አደገ። ከትንሽነቱ ጀምሮ ሰውነቱ ሳያዝዘው ይወራጫል፣ ሳያስበው ድምፅ ያወጣል፣ አንድ ነገር ከነካ ደግሞ ደጋግሞ ካልነካው አያርፍም። ነገሩ ቱሬት ሲንድረም የሚባል የነርቭ ሕመም መሆኑ የታወቀው 17 ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ ምን እንደያዘው እሱም እናቱም አያውቁም ነበር። ያ ሕመም ሜዳ ላይ ሌላ መልክ ነበረው። ኳሷ ብረቱን ሳትነካ መረቡን ብቻ አሰምታ ካልወረደች አይቆጥራትም። ገብታም ቢሆን ከእጁ ስትወጣ የተሰማው ስሜት ልክ ካልመሰለው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ቢደክመውም፣ ቢመሽም ሰውነቱ “በቃ” እስኪለው ከሜዳ አይወጣም። ሊጉ ሁሉ ያደነቀው ያ ፈጣን ውርወራ እንዲህ ካለ ስቃይ የተገኘ ነው።

ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወዲያው ታየ። በመጀመሪያ ዓመቱ በየጨዋታው በአማካይ 30.2 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ላይ ብቻ 55። በሁለተኛው ዓመት ሻኪል ኦኒል የሚባል ግዙፍ ወጣት ከጎኑ ተሰለፈ። አሰልጣኙ ዴል ብራውን የማልኮም ኤክስን የሕይወት ታሪክ የሰጡትም በዚያ የኮሌጅ ዘመን ነው። በ1990 የኤንቢኤ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ዴንቨር በሦስተኛ ተራ ወሰደው።

እዚህ ላይ ስለ ቦታው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ፖይንት ጋርድ ኳሷን ከኋላ ይዞ የሚወጣው፣ የሚጠራውን የጨዋታ ስልት የሚያሳውቀው፣ ማን በየት በኩል እንደሚሮጥና ኳሷ መቼ ለማን እንደምትደርስ የሚወስነው ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳው አጭሩም እሱ ነው፤ አብዱልራኡፍ ቁመቱ 185 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ወደ ላይ በመዝለል የሚኖር ተጫዋች ጉልበቱ ሲደክም ገበያው ይወርዳል። ፖይንት ጋርድ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይበስላል፤ የሚኖረው በዓይኑና በትዕግሥቱ ነውና። ጆን ስቶክተን በ2003 ጫማውን ሲሰቅል 41 ዓመቱ ነበር። ጄሰን ኪድ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው በ38 ዓመቱ ነው። ስቲቭ ናሽ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው በ31 ዓመቱ ሲሆን በቀጣዩም ዓመት ደገመው። እነዚህን ዕድሜዎች አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የዴንቨር መጀመሪያ ቀላል አልነበረም። ክብደት ጨመረ፣ በሁለተኛው ዓመት አማካይ ነጥቡ ወደ 10.3 ወረደ፤ ምርጫው ስህተት ነበር የሚሉም በዙ። በ1991 እስልምናን ተቀበለ። ጾሙን አጥብቆ ያዘ፣ ሰውነቱን አስተካከለ። በ1992 አዲሱ አሰልጣኝ ዳን ኢሰል ሲመጡ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃቸው፤ በየጨዋታው 19.2 ነጥብ እያስቆጠረ በዓመቱ ከሁሉ የላቀ መሻሻል ያሳየ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። በ1993 ስሙን በሕግ አስለወጠ። በ1994 ዴንቨር በምድቡ ስምንተኛ ሆኖ ወደ ጥሎ ማለፉ ገብቶ አንደኛውን ሲያትል ሱፐርሶኒክስን 3 ለ 2 አሸነፈ፤ በኤንቢኤ ታሪክ ስምንተኛ አንደኛን ሲያሰናብት ያ የመጀመሪያው ነበር። ኮንጓዊው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ሜዳው ላይ በጀርባው ተኝቶ ኳሷን ከራሱ በላይ ይዞ የሳቀባትን ምስል የማያስታውስ የቅርጫት ኳስ ወዳጅ ጥቂት ነው። የዚያ ቡድን ፖይንት ጋርድ አብዱልራኡፍ ነበር።

ከዚያ ከፍ አለ። በዲሴምበር 1995 ስቶክተን በሚመራው ዩታ ጃዝ ላይ 51 ነጥብ አስቆጠረ። በፌብሩዋሪ 1996 ማይክል ጆርዳን ያለበት ቺካጎ ቡልስ ዴንቨር መጥቶ ተሸነፈ፤ አብዱልራኡፍ 32 አገባ። ያ ቺካጎ በመደበኛው ውድድር 72 ጨዋታ አሸንፎ 10 ብቻ የተሸነፈው ቡድን ነው። ከአሥሩ አንዷን ያስቀመጠበት ይህ ሰው ነበር ማለት ነው። 27ኛ ዓመቱን ሊይዝ አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

በዚያው የውድድር ዘመን መዝሙሩ ሲዘመር መቆም ትቶ ነበር። አንዳንዴ መልበሻ ክፍል ይቆያል፣ አንዳንዴ ተቀምጦ ሰውነቱን ያፍታታል። ለብዙ ወራት ማንም ልብ አላለውም። በማርች ወሬው ሬዲዮ ላይ ደረሰ፤ ጋዜጠኞች ጠየቁት፤ አልሸሸም። በእምነቱ ከፈጣሪ በቀር ለምንም እንደማይሰግድ፣ ያ ሰንደቅ ዓላማም ለብዙ ሰዎች የጭቆና ምልክት እንደሆነ ተናገረ። ሊጉ ተጫዋች ሁሉ በመዝሙሩ ጊዜ በክብር እንዲቆም የሚያዝ ደንብ ነበረው። በኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን የሚመራው ኤንቢኤ ማርች 12 ቀን 1996 ያለ ደመወዝ አገደው። የአንድ ጨዋታ ዋጋ 31,707 ዶላር ነበር፤ የዓመት ደመወዙ ለ82 ጨዋታዎች ተካፍሎ።

እገዳው የቆየው ለአንድ ጨዋታ ነው። የተጫዋቾች ማኅበሩ ከጎኑ ቆመ፣ ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ይቆማል፣ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ መዳፎቹን ወደ ፊቱ አንስቶ ዱዓ ያደርጋል። ቺካጎ ላይ ሲመለስ ታዳሚው ጮኸበት። ዴንቨር ውስጥ ደግሞ የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሠራተኞች መስጊድ ገብተው መዝሙሩን በመለከት ነፉ፤ ክስም ተመሠረተባቸው። የጸሎት ቤት ገብቶ መለከት መንፋት ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያ አንባቢ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከሦስት ወር በኋላ ዴንቨር ለሳክራሜንቶ ኪንግስ አሳልፎ ሰጠው። በምትኩ ያገኘው ጉልበቱ የተጎዳውን የ32 ዓመቱን ሊቱዌኒያዊ ሻሩናስ ማርቹሊዮኒስን እና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ነው። ማርቹሊዮኒስ ለዴንቨር የተጫወተው 17 ጨዋታ ብቻ ነው። የቡድኑን ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ፣ በየጨዋታው ወደ ሰባት የሚጠጋ ለነጥብ የበቃ ኳስ የሚያቀብለውን ፖይንት ጋርድ በዚህ ዋጋ የሸጠ ክለብ የስፖርት ስሌት ሠራ ለማለት ይከብደኛል።

በዚያው ወር፣ በጁን 1996፣ ስቲቭ ናሽ በ15ኛ ተራ ተመርጦ ሊጉን ተቀላቀለ። የሁለቱ ሰዎች መንገድ ከዚያች ወር ጀምሮ እንዴት እንደተለያየ ማየት ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ያማል። ናሽም ገና ሲጀምር ተጠባባቂ ነበር፣ ዳላስ ሲሄድ ተጎዳ፣ ተቃውሞም ገጠመው። ግን ታገሡት። ኳሷን ከእጁ ሳይነጥቁ እስኪበስል ጠበቁት።

አብዱልራኡፍ በሳክራሜንቶ የመጀመሪያ ዓመቱ 13.7፣ በሁለተኛው 7.3 ነጥብ አማካይ አስመዘገበ፤ በዚያ በሁለተኛው ዓመት የተሰለፈው በ31 ጨዋታ ነው፤ ውርወራውም ሳተ። “እየወረደ ስለነበር ነው እንጂ ማንም አላገደውም” የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ይህን ነው፤ ክርክራቸውም ከባዶ የተነሳ አይደለም። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ፖይንት ጋርድ ደቂቃው ሲቆራረጥ፣ ኳሷ ለሌላ ስትሰጥ በምን ይገመገማል? ነጻ ውርወራ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ነው። የቀረው ሙያው በሙሉ አራት ሰዎች አምነውት ሲሮጡ፣ አሰልጣኝ አምኖት ጨዋታውን ሲያስረክበው የሚኖር ነው። እምነቱ ከተነሳ ችሎታው የት እንደገባ የሚያሳይ ሚዛን የለም። ወንበር ላይ ያለ ፖይንት ጋርድ ወረደ ወይስ ተዋረደ ብሎ በቁጥር መለየት አይቻልም።

በ1998 ኮንትራቱ ሲያልቅ 29 ዓመቱ ነበር። ሊጉ ያኔ 29 ክለቦች ነበሩት። እየሄደ ያለው ዕድሜ ፖይንት ጋርድ የሚበስልበት ነው። አንድም ክለብ ለቀጣዩ ዓመት አላስፈረመውም፤ ወደ ቱርክ፣ ወደ ፌነርባቼ ሄደ። የተጻፈ ውሳኔ የለም፣ “ይህን ሰው አትቅጠሩ” የሚል ደብዳቤ በየትም አልወጣም። እንዲህ ያለ ነገር ወረቀት አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ክለብ ለብቻው “ለእኛ አይሆንም” ካለ በሩ ይዘጋል፤ የዘጋውም ሰው የለም። ከእሱ በፊት የቺካጎው ክሬግ ሆጅስ በ1991 ከቡድኑ ጋር ኋይት ሀውስ ሲጋበዝ ዳሺኪ ለብሶ ስለ ጥቁር ድሆች ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ክለቡ አሰናበተው፣ ዳግም ኤንቢኤ ውስጥ አልተጫወተም። ሆጅስ ክስ መሠረተ፣ አልተሳካለትም። ማስረጃ ሳይተው የተፈጸመበትን በደል ይዞ ፍርድ ቤት ሊገባ የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

በ2000–01 የውድድር ዘመን ቫንኩቨር ግሪዝሊስ ወሰደው። 41 ጨዋታ፣ በእያንዳንዱ 12 ደቂቃ ገደማ፣ 6.5 ነጥብ። 31 ዓመቱ ነበር፤ ናሽ የሊጉ ምርጥ በተባለበት ዕድሜ። ከዚያ በኋላ ወደ ኤንቢኤ አልተመለሰም። በ2001 ሚሲሲፒ ያሠራው ቤት ተቃጠለ፤ ቀደም ሲል ግድግዳው ላይ የኩ ክሉክስ ክላን ፊደላት ተጽፈውበት ነበር። እሱ ግን መጫወቱን ቀጠለ። ሩሲያ፣ ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ በመጨረሻም የጃፓኑ ኪዮቶ፤ እስከ 42 ዓመቱ። በ2017 ደግሞ የቀድሞ ተጫዋቾች ሦስት ለሦስት በሚገጥሙበት ቢግ ስሪ በሚባለው ሊግ በ48 ዓመቱ ወጥቶ እንደ ድሮው ፍጥነት ሲወረውር ታየ። ሰውነቱ አልከዳውም ነበር። ስለዚህ “አልቆለት ነበር” የሚለውን ለመቀበል እቸገራለሁ።

ስሙን ከመረሳት ያወጣው ሌላ ሰው ነው። በኦገስት 2016 ኮሊን ካፐርኒክ በአሜሪካ ፉትቦል መዝሙሩ ሲዘመር ተቀመጠ፣ ኋላም ተንበረከከ። ያኔ ጋዜጠኞች ወደ ኋላ ዞረው ያገኙት አብዱልራኡፍን ነበር። ካፐርኒክም ከማርች 2017 ወዲህ ክለብ አላገኘም፤ ክለቦች በእሱ ላይ ተመካክረዋል ብሎ ሊጉን ከሶ በ2019 በስምምነት ተጨረሰ። በዚያው በኦገስት 2016 ሪዮ ላይ ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ለተቃውሞ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ዓለም አየው፤ ሁለት ዓመት ገደማ ከአገሩ ተለይቶ ኖሮ በ2018 ተመለሰ። የእሱም ዋጋ ከባድ ነበር። ሯጭ ግን ሰዓቱን ይዞ የትም መሮጥ ይችላል። ፖይንት ጋርድ እንዲህ ያለ ሰዓት የለውም።

በጁላይ 2020 በኮሮና ምክንያት ኤንቢኤ ኦርላንዶ አጠገብ ተዘግቶ ሲጫወት ተጫዋቾችና አሰልጣኞች በመዝሙሩ ጊዜ በአንድነት ተንበረከኩ። አብዱልራኡፍን ያገደው ያው ደንብ አልተሻረም ነበር። ኮሚሽነር አዳም ሲልቨር የተጫዋቾቹን አንድነት እንደሚያከብሩና ደንቡን እንደማይፈጽሙ አስታወቁ። ትክክል አደረጉ፤ ብዙዎች ሲሆኑ ቀለለ። በ2021 ዳላስ ማቬሪክስ በሜዳው መዝሙር ማሰማት ማቆሙ ሲታወቅ ግን ሊጉ ወዲያው ክለቦች ሁሉ እንዲያሰሙ አዘዘ። ደንቡ ሊጉ ሲፈልግ ይነቃል፣ ሲፈልግ ይተኛል።

ሉዊዚያና ስቴት በፌብሩዋሪ 2020 የ35 ቁጥር ማልያውን ለክብሩ ሰቀለለት፤ በ2023 ስለ ሕይወቱ ዘጋቢ ፊልም ወጣ። የቺካጎ አሰልጣኝ የነበሩት ፊል ጃክሰን በ2016 የስቴፈን ከሪ አወራወር እሱን እንደሚያስታውሳቸው ሲናገሩ ብዙ ወጣቶች ተቆጡ፤ ምን አይተው? እነሱ ያላዩት በ1996 የተቋረጠውን ጨዋታ ነው።

የሚቀረው የእነዚያ ዓመታት ሰዎች እንዲናገሩ ነው። ስተርን በ2020 አረፉ፣ ሙቶምቦም በ2024። በ1996 ክለቡ ለምን በዚያ ዋጋ እንደለቀቀው፣ በ1998 ማን ስልክ አንስቶ ማን እንዳላነሳ የሚያውቁ የክለብ ሥራ አስኪያጆችና አሰልጣኞች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹም ቴሌቪዥን ላይ ስለ ጨዋታ ይተነትናሉ። ጥያቄው በቀጥታ፣ በስማቸው ተጠርተው ይቅረብላቸው። ኤንቢኤም የዚያን ጊዜ መዝገቡን ይክፈት።