ለራስ የወደዱትን ለጎረቤት

ሰው ለራሱ የሚወደውን ለወንድሙም እስኪወድ ድረስ ኢማኑ እንደማይሟላ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን ይህን ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል፤ ኢማም ነወዊም በአርባው ሐዲስ ስብስባቸው 13ኛ አድርገው አስፍረውታል። «ወንድም» የተባለው ማን ነው? ብዙዎች የእምነት ወንድም ነው ሲሉ፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ያቅፋል ብለው ያብራሩ ሊቃውንትም አሉ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም ተመሳሳዩን ትምህርት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ያገኙታል። ስለዚህ «በእኛ ሃይማኖት ይህ የለም» የሚል አንድም ወገን አይኖርም። ጥያቄው ትምህርቱን በኑሮ እንዴት እንተርጉመው የሚል ነው።

ሁለት ድስት በአንድ ድግስ

በመቐለ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ሰፈር ይኖራል፤ በቀዳማይ ወያነ ገበያም ጎን ለጎን ይነግዳል። ከተማይቱን ካሳደጓት ነገሮች አንዱ የጨው ንግድ ነው። ለብዙ ዘመን አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ በበራህሌ በኩል ወደ መቐለ ይወጣ ነበር። ሙስሊሙ አፋር ጨዉን ይቆርጣል፣ የመንገዱንም ነገር ያውቃል፤ «አርሆ» የሚባለው የደጋው ነጋዴ ደግሞ ጭኖ ይወጣል። በዚያ ሐሩር አንዱ ያለ ሌላው እምነት ውሎ መግባት አይችልም ነበር። ሲቀበሉ አሙልተው፣ ሲሰጡ ግን አጉድለው የሚሰፍሩትን ቁርኣን በሱረቱል ሙጠፊፊን አጥብቆ ይወቅሳል። ለራስ ሙሉ፣ ለሌላው ጎዶሎ መስፈር በጨውና በእህል ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በክብርና በመብትም ይታያል።

ይህን ሕግ በተግባር ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ሠርግ ቤት ጎራ ይበል። ሙስሊሙ ክርስቲያኑ ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙ ያረደውን አይበላም። ይሁን እንጂ ክርስቲያኑ ደጋሽ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ ለሙስሊም እንግዶቹ በተለየ ድስት ያሠራል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ እንዲሁ ያደርጋል፤ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ የጾም ምግብ ያቀርባል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ደጋሹ «እኔ የምወደውን ሥጋ እርሱም ይብላ» ቢል ኖሮ እንግዳውን ባስቀየመ ነበር። ለራሳችን የምንወደው ሃይማኖታችን እንዲከበርልን ነው፤ ለጎረቤታችንም የምንወድለት ይህንኑ ነው።

የነጃሺ ፍርድ

ከመቐለ ወደ አዲግራት በሚወስደው መንገድ ውቅሮን አለፍ እንዳልን የነጃሺ መንደር ይገኛል። በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ሰሐባዎች ከመካ በደል ሸሽተው ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ጓደኛውን እጅ መንሻ አስይዘው ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ላኩ። ንጉሡ ግን የእንግዶቹን ቃል ሳይሰማ አሳልፎ ለመስጠት እምቢ አለ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቆመው ሲናገሩ፣ ነቢዩ ካዘዟቸው ነገሮች መካከል እውነት መናገርን፣ አደራን መጠበቅንና ለጎረቤት በጎ መዋልን ጠቀሱ። ፍርዱ ለስደተኞቹ ሆነ፤ እጅ መንሻውም ተመለሰ።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንዳወሱት፣ በንጉሡ ላይ ባላንጣ በተነሣበት ጊዜ ስደተኞቹ እንዲያሸንፍ ዱዓ አደረጉለት። ዙበይርም (ረ.ዐ.) በአየር በተነፋ አቁማዳ ወንዙን ተሻግሮ የጦርነቱን ውጤት አይቶ የምሥራች ይዞ ተመለሰ። ለራሳቸው የወደዱትን ሰላም ላስጠጋቸው ሰው ወደዱለት።

«መካ ላይ ሲሠራ…»

ይህ ሁሉ እያለ ፈተናው አልቀረም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ የለበሱ ሙስሊም ልጃገረዶች ከትምህርት ገበታ ታገዱ። 159 ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ መቅረታቸውን የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት አስታወቀ። ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች በመቐለ ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ነጠላዋን ተከናንባ የምትሄድ እናት፣ የጎረቤቷ ልጅ ፀጉሯን ስለሸፈነች ብቻ ከፈተና ብትቀር ምን ይሰማት ይሆን? የራሷ ልጅ አንገቷ ላይ ያሰረችውን ማተብ በጥሰሽ ግቢ ብትባልስ?

የአክሱም ሙስሊሞች በከተማቸው መስጂድ ለመሥራት ሲጠይቁም ለብዙ ዘመን የሚሰጣቸው መልስ «መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ» የሚል ነው። መልሱ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የአክሱም ሸማኔ መካን አይገዛም። የርሱ ጎረቤት የአክሱም ክርስቲያን ነው። ወርቃማው ሕግ «እንዲደረግልህ እንደምትወድ አድርግ» ይላል እንጂ «ሌላ ሰው በሌላ አገር እንዳደረገ አድርግ» አይልም።

ሚዛኑ ወደ እኛ ሲዞር

ውድ አንባቢያን! ይህን ሚዛን ለሌላው ብቻ ብንሰፍርበት ከሙጠፊፊኖቹ ተቆጠርን ማለት ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ለቀብር በወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ተፈጽሞ ከ20 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ልባችን ደማ። ጥቂት ቀናት ሳያልፉ ግን በስልጤ ዞን በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን በጎንደር ምን አደረገ? የአክሱም ሙስሊም በመካ ጉዳይ የሚጠየቅበትን ያህል ነው። እኛ በብዛት በምንኖርበት አካባቢ ጥቂት የሆነው ጎረቤታችን በቤተ አምልኮው በሰላም ውሎ መግባቱ፣ በአክሱም ላሉት እህቶቻችን የምናቀርበው አቤቱታ እውነት መሆኑን ይመሰክራል።

መከራውም ለማንም አላደላም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጦርነት የነጃሺ መስጂድ በከባድ መሣሪያ ተመታ፤ በዚያው ወር በአክሱም ብዙ ንጹሐን ተገደሉ። የሙስሊምም የክርስቲያንም እናት ያለቀሰችው አንድ ዓይነት ዕንባ ነው።

ከቤት ይጀመራል

ልጅ ከምክር ይልቅ የሚያየውን ይይዛል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ «ለአይሁዱ ጎረቤታችን ሰጣችሁ ወይ?» ብለው ደጋግመው ይጠይቁ እንደነበር አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። እኛስ በዒድ ቀን ልጆቻችን ይህን ጥያቄ ከአፋችን ይሰማሉን? ጎረቤት ከታረደው የማይበላ ከሆነ ዳቦ፣ ፍራፍሬና ቡና አለ።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች! ስለ ሌላው ሃይማኖት አንድ ቃል ከመናገራችሁ በፊት ያው ቃል ስለ ዲናችሁ ቢነገር ምን እንደሚሰማችሁ አስቡ። የክፍል ጓደኛችሁ በጾሙ፣ በአለባበሱ ወይም በጸሎቱ ሲቀለድበት ዝም አትበሉ፤ እናንተም በተራችሁ የሚቆምላችሁ ሰው ትፈልጋላችሁና። መብታችሁን ስትጠይቁም በጀዕፈር መንገድ ይሁን፤ በእውነት፣ በጨዋነትና ያለ ስድብ።

አላህ ለራሳችን የወደድነውን ለሰው ሁሉ የምንወድ ያድርገን። አሚን።