ሆርሞን መሰሉ የማገጥ ኬሚካል

በዝናብ ወራት በአገራችን ደጋማ የግጦሽ መሬት ላይ ሦስት ሦስት ቅጠል ይዞ የሚወጣው ማገጥ በፕሮቲን የበለጸገ መኖ ነው፤ በሥሩ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ከአየር ናይትሮጅን ወስደው አፈሩን ያለማሉ። ኢትዮጵያ ከ20 በላይ የማገጥ ዝርያዎች ይገኙባታል። ይሁንና ከማገጥ ወገን በአንዳንዶቹ ውስጥ የእንስትን ሆርሞን የሚመስል ኬሚካል እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ነገሩ ጎልቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ ነው። ፍሬውን አፈር ውስጥ በሚቀብር የማገጥ ዝርያ ላይ የተሰማሩ እንስት በጎች በብዛት መጽነስ ተሳናቸው። ዋናው ምክንያት ፎርሞኖኔቲን የተባለ ውሁድ ሆኖ ተገኘ። ፎርሞኖኔቲን በራሱ ደካማ ነው፤ ሩመን በሚባለው የጨጓራ ክፍል የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ወደ ኢኩኦል ይለውጡታል። ኢኩኦልም በደም ተጉዞ እንደ ኢስትሮጅን ይሠራል። በጎቹ ለረጅም ጊዜ ከተመገቡት የማሕፀን አንገት ፈሳሽ ይቀጥናል፤ የአውራው ዘርም ወደ ውስጥ መዝለቅ ይሳነዋል፤ ጉዳቱም ዘላቂ ይሆናል። የቀንድ ከብቶች ግን ከበጎች ይልቅ ይቋቋሙታል።

እንግዲህ የመኖ ጥራት በፕሮቲን መጠን ብቻ አይለካም። እንደ ቦሬ ባሉ የጉጂ ደጋማ አካባቢዎች የመኖ ዘር፣ በተለይም ቀይ ማገጥ፣ ሲመረጥ የፎርሞኖኔቲን መጠኑም ሊጠየቅ ይገባል፤ መጠኑ አነስተኛ የሆነ ዘር በምርምር ወጥቷልና። እንስት በጎችን ከአውራው ጋር በሚገናኙበት ወቅት ሣር በሚበዛበት መስክ ማሰማራትም ብልህነት ነው። ለአርቢ የአንድ ዓመት ግልገል መቅረት ቀላል ኪሳራ አይደለም።