ዓሣ ያልሆነው ዓሣ ነባሪ

ዓሣ ነባሪን ብዙዎቻችን የምናውቀው በነቢዩ ዮናስ ታሪክ ነው። በዓይኑ ያየው ግን ከመካከላችን ማን አለ? ባሕር ከእኛ ሩቅ ነው። ከተበላ ተነሥቶ ወደ ቆላው የወረደ ሰው የሚያገኘው አባያን ነው። አባያ ደግሞ ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም። በዚህ ሳምንት ስለ ዓሣ ነባሪ፣ በተለይም ከሁሉም ስለሚበልጠው ስለ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ እናነባለን። ይህ እንስሳ በአባያ ዘመድ አለው፤ ማን እንደሆነ ኋላ እንደርስበታለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም። ዓሣ ከውሃ ሳይወጣ ይተነፍሳል። ዓሣ ነባሪ ግን እንደ እኛና እንደ ላም ሳንባ አለው። አየር ለመሳብ የግድ ብቅ ማለት አለበት። አፍንጫው ያለው አናቱ ላይ ነው። ሲተነፍስ የሚወጣው እንፋሎት 9 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይተኮሳል። መርከበኞች ከሩቅ የሚለዩት በዚህ ነው። ደሙ ሞቃት ነው። አብዛኛው ዓሣ እንቁላል ይጥላል፤ ዓሣ ነባሪ ግን ይወልዳል፣ ያጠባልም።

አሁን ወደ ትልቅነቱ እንምጣ። ከማሳችሁ ዳር ቆማችሁ 30 ሰፋፊ እርምጃ ተራመዱ። ከተነሣችሁበት እስከ ደረሳችሁበት ያለው ርቀት የአንድ ትልቅ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ቁመት ነው። 30 ሜትር ይጠጋል ማለት ነው። ክብደቱ 150 ቶን ይደርሳል፤ ከዚያም የሚበልጥ አለ። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው፤ እስቲ አባዙት። 1,500 ኩንታል! ለመስቀል የሰባ በሬ 3 ኩንታል ቢመዝን፣ ዓሣ ነባሪው 500 በሬ ያህላል። ምላሱ ብቻ ዝሆን ያህል ይከብዳል። በምድር ላይ ከኖሩት እንስሳት ሁሉ በክብደት ይህን እንደሚበልጥ የተረጋገጠ የለም።

በአባያ ይኖር ይሆን? አይችልም። አባያ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 13 ሜትር አካባቢ ነው። ዓሣ ነባሪው እዚያ በአፍጢሙ ቢተከል፣ ከግማሽ በላይ አካሉ ከውሃው በላይ ይቀር ነበር።

ይህን ሁሉ ሥጋ የሚሸከምለት ውሃ ነው። ሸክም በውሃ ውስጥ እንደሚቀልል፣ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ያነሣ ሰው ያውቀዋል። ዓሣ ነባሪ ማዕበል ገፍቶት ደረቅ ምድር ላይ ቢቀር የገዛ ክብደቱ ይጫነዋል። ሳንባው እየተጨነቀ፣ ሰውነቱም እየጋለ ይሞታል።

ታዲያ ምን ይበላል? ትልቅ ነገር የሚበላ ይመስለናል። የሚበላው ግን ክሪል የሚባል የባሕር ፍጡር ነው። ክሪል ከትንሽ ጣት አይበልጥም፤ እንደ አንበጣ ቅርፊት አለው፤ እንደ አንበጣም በመንጋ ይሄዳል። ዓሣ ነባሪው ጥርስ የለውም። በጥርስ ፈንታ ከላይኛው መንጋጋው እንደ ጥፍር የጠነከሩ ዝርግ ነገሮች ተደርድረው ይወርዳሉ፤ ጠርዛቸው ፀጉራም ነው። አፉን ከፍቶ ክሪሉን ከነውሃው ይጎርሳል። ከዚያ ውሃውን በምላሱ ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ክሪሉ እንደ ወንፊት ላይ እህል ይቀርለታል። በቀን 4 ቶን ይበላል ሲባል ቆይቶ ነበር። በ2021 የወጣ ጥናት ግን፣ ምግብ በሚገኝበት ወቅት በቀን 16 ቶን ያህል ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል።

እናቲቱ 11 ወር ያህል አርግዛ አንድ ትወልዳለች። ሕፃኑ ሲወለድ 7 ሜትር ነው። በቀን 200 ሊትር ያህል ወተት ይጠባል፤ በየቀኑም 90 ኪሎ ይጨምራል። አንድ ኩንታል ሊሞላ 10 ኪሎ ሲቀረው ማለት ነው። ይህን በክፍል ስንነጋገር አንዲት እናት፣ «ውሃ ውስጥ ሆኖ እንዴት ይጠባል? ወተቱ አይበተንም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወተቱ እንደ ላም ወተት ቀጭን አይደለም። ከመቶው እጅ ከ35 በላይ ቅባት ስለሆነ ወፍራም ነው፤ ቶሎ አይበተንም። እናቲቱም ራሷ ወደ ልጇ አፍ ትረጨዋለች።

እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ የልባችሁን ምት ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ተቀምጦ ያረፈ ሰው ከ60 እስከ 100 ይቆጥራል። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ወደ ጥልቁ ሲጠልቅ ልቡ በደቂቃ ሁለት ጊዜ ብቻ የመታበት ጊዜ ተመዝግቧል። ጥናቱ የወጣው በ2019 ነው። ድምፁም ያስገርማል። እጅግ ወፍራም ስለሆነ የሰው ጆሮ በደንብ አይሰማውም። በውሃ ውስጥ ግን በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከተበላ ተጣርቶ አዲስ አበባ ላይ እንደመሰማት ነው እኮ!

የአባያው ዘመድ ጉማሬ ነው። ጉማሬን ያየ ሰው የአሳማ ወገን ይለዋል። ሊቃውንትም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ይሉ ነበር። ነገር ግን ፍጡር ሁሉ ከእናትና ከአባቱ የሚወርሰው የዘር ምልክት በሰውነቱ ውስጥ አለ። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ይህን ምልክት ሲያመዛዝኑ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት የየብስ እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ የሚቀርበው ጉማሬ ሆኖ ተገኘ። ዓሣ ነባሪ ከጉማሬ መጣ ማለት አይደለም። አንድ አያት ሁለት ልጆች ወልዶ፣ አንደኛው ጎሣ ደጋ ቀርቶ ሌላው ቆላ እንደወረደ ያለ ነው። የተለያዩትም ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በፓኪስታን አራት እግር የነበራቸው የጥንት ዓሣ ነባሪዎች አጥንት ተገኝቷል። በግብፅ በረሃ ደግሞ እግራቸው አንሶ ለመሄድ የማይበቃ የሆነባቸው አሉ።

ከዚያም የሚቀርብ አለ። በ1964 በኬንያ፣ በቱርካና አካባቢ፣ የዓሣ ነባሪ አጥንት ተገኘ። ሰማያዊው አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ነው። አጥንቱ 17 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። የተገኘበት ቦታ ዛሬ ከባሕር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከፍታውም 600 ሜትር ያልፋል። ታዲያ ማን አደረሰው? እንስሳው መንገድ ስቶ በወንዝ ሽቅብ ዋኝቶ ሳይሞት አልቀረም ይላሉ። ያን ጊዜ አገሩ ዝቅተኛ ነበር፤ ምድሩ ወደ ላይ የተነሣው ኋላ ነው። አባያ የተኛበት ስምጥ ሸለቆም ከዚሁ ከምድር መነሣትና መሰንጠቅ ጋር የተያያዘ ነው።

ዓሣ ነባሪ የማንንም ማሳ አይነካም። ሰው ግን ባሕር ድረስ ሄዶ ፈጀው። ምክንያቱ ስቡ ነው። ስቡ ቀልጦ ሳሙናና የምግብ ቅባት ይሆን ነበር። በሞተር መርከብና በመድፍ የሚተኮስ ጦር ከመጣ ወዲህ ማምለጥ አልቻለም። በ1930 እና 1931 መካከል፣ በአንድ የአደን ወቅት ብቻ፣ በደቡብ ዋልታ ባሕር ከ29,000 በላይ ተገደሉ። በዓለም አቀፍ ስምምነት አደኑ የተከለከለው በ1966 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት የሶቪየት ኅብረት መርከቦች ለእኛ በሚቀርበው በህንድ ውቅያኖስ ከ1,000 በላይ በድብቅ ገድለዋል። ዛሬ በዓለም ያሉት ከ10,000 እስከ 25,000 ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። በ2020 በኦማን ባሕር ዳርቻ ከዚያ በፊት ያልታወቀ የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ዜማ መገኘቱ ተነግሯል። ስለዚህ እዚያ የተረፉ አሉ።

የጉማሬ ነገር ይለያል። ጉማሬ ከገበሬ ጋር ጎረቤት ነው። ቀን በውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ ሣር ይግጣል። በመንገዱ በቆሎ ካገኘ በቆሎውንም አይምርም። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ጉልበት በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ስለዚህ ሰው ቢቆጣበት አይፈረድም። ነገር ግን ጦር ይዞ መጋፈጥ አደጋ ነው፤ ሲሮጥ ከሰው ይፈጥናል። በማሳው ዙሪያ ጥልቅ ቦይ መቆፈርና እሳት ማንደድ ይሻላል። ከሐይቁ ውሃ የምትቀዱም በጉማሬውና በውሃው መካከል አትቁሙ፤ የመመለሻ መንገዱ የተዘጋበት ሲመስለው ይመጣል። ግልገል የያዘች ደግሞ ከሁሉ ትብሳለች። ግልገሏን ብዙ ጊዜ የምታጠባው እንደዚያች እንደ ሩቅ ዘመዷ ውሃ ውስጥ ሆና ነው፤ ስለዚህ ከላይ ላትታይ ትችላለች።