ደበርጃን፣ ለውዝና የካርቱም ፀሐይ፦ ዱቄት የማያውቅ ፒዛ

ቂጣው ከአትክልት የተሠራ ፒዛ አንሥታችሁ ቁራሹ ከእጃችሁ ላይ ከተዝረከረከ ጥፋተኛው ውሃ ነው። ዝኩኒ ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ ደበርጃንና አበባ ጎመንም ከ92 አይርቁም። ያ ውሃ ቂጣው ውስጥ እስካለ ድረስ እሳቱን የቱንም ያህል ብታነዱት ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አካባቢ አያልፍም። ቡኒ ሆኖ የሚያውደው ቅርፊት ደግሞ ከ140 ዲግሪ ወዲያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዋናው ሥራ መጋገሩ ሳይሆን ማድረቁ ነው፤ ለማድረቅ ደግሞ ከካርቱም የተሻለ ከተማ ካለ ንገሩኝ! ከክረምቱ ወራት ውጪ አየሩ ደረቅ ነው፤ በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። ሱዳናውያን ባሚያውን አድርቀው ፈጭተው ለወጥ የሚያውሉት፣ ሥጋውን እንደ እኛ ቋንጣ የሚሰቅሉት ይህን ፀሐይ አውቀውበት ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን ከዱቄት እንደምንሸሽ ልንገራችሁ። 100 ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለ። ለአንድ መካከለኛ ፒዛ 150 ግራም ዱቄት ብታቦኩ ከቂጣው ብቻ ከ100 ግራም በላይ ትበላላችሁ ማለት ነው። 600 ግራም ጥሬ ደበርጃን ያለው 35 ግራም ያህል ነው፤ የዚህም ግማሽ ያህሉ ወደ ስኳርነት የማይለወጥ ፋይበር ነው። ድንች ግን አትሞክሩ፤ አትክልት ተብሎ ቢሸጥም ስታርቹ ብዙ ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካላችሁ ደግሞ፣ ካርቦሃይድሬቱን በድንገት ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያናግር፤ መድኃኒቱ ያው ሆኖ ምግቡ ሲለወጥ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ ደበርጃኑ። ብዙዎች ይህን ፒዛ የሚሠሩት በአበባ ጎመን ነው፤ እኔ ግን ካርቱም ላይ ቆሜ አበባ ጎመን የምፈልግበት ምክንያት አይታየኝም። አበባ ጎመን ብርድ ይወዳል። ደበርጃን ግን ሙቀቱ የሚስማማው፣ የሱዳን ማዕድም የማይለየው ነው። ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙበት ከቱቲ ደሴት እርሻዎች የሚመጣ አትክልት ከተማዋን ሲመግብ የኖረ ነው። ሰላጣ አስወድን የቀመሰ ሐበሻ ደግሞ ግማሹን መንገድ ሄዷል፦ ደበርጃኑ ይጠበስና ይደቆሳል፤ ከዚያ በለውዝ ቅቤ፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ይታሻል። ደበርጃንና ለውዝ እንደሚዋደዱ ሱዳኖች ከእኛ በፊት አውቀውታል። የእኛ ፒዛ ያንኑ ጥምረት ይዞ ማድረቅ ነው።

600 ግራም ደበርጃን ልጡና ለወጥ እንደሚሆን ሽንኩርት ደቃቅ አድርጋችሁ ክተፉት። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ጨው ውሃውን ከውስጥ እየሳበ ያወጣዋል፤ ሳህኑ ሥር ቡናማ ውሃ ሲጠራቀም ታዩታላችሁ። በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራችሁ ጭመቁት፤ እጃችሁ ሲደክም አንድ ጊዜ ጨምሩ። ከዚያ ሰፌድ ወይም ትሪ ላይ ሳስቶ ይሰጣ፣ ዝንብ እንዳይነካው በስስ ጨርቅ ይሸፈን፣ ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። (አድማሱ በአቧራ ከቀላና ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከመጣ ትሪውን ይዛችሁ ሩጡ፤ በአሸዋ የተቀመመ ፒዛ የሚወድ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።) ከፀሐይ ሲወርድ ዘይት በሌለው መጥበሻ ላይ እያማሰላችሁ አብስሉት። ዘይት አለማስነካቱ ቁም ነገር አለው፦ የደበርጃን ሥጋ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ ያገኘውን ዘይት ሁሉ ይመጠዋል።

የስንዴ ሊጥ ግሉተን አለውና ራሱን ይይዛል፤ አትክልት ይህ የለውም። ስለዚህ የሚያያይዘው ነገር ከውጭ እናመጣለን። አንድ እንቁላል ሲሞቅ ይረጋና ቂጣውን አንድ ያደርገዋል። ግማሽ ኩባያ ያህል የተቆላ ለውዝ ፈጭታችሁ ጨምሩ፤ ግን ወደ ቅቤነት ከመሄዱ በፊት፣ ገና ዱቄት ሳለ አቁሙት። ቅቤ ከሆነ ዘይቱ ይወጣና ቂጣውን ያለሰልሰዋል። ሦስተኛው የእኛው ነው፤ ተልባ። ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ እርጥበት ሲያገኝ እንዴት እንደሚዝለገለግ በጾም የጠጣው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያ ዝልግልግ ሙጫ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጥቁር አዝሙድ ቆንጠር አድርጉና እሹት፤ በቂ ጨው ስላለበት ሌላ አትጨምሩ።

መጋገሩ ላይ ደግሞ ኦቨን የግድ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 የተነሣው ጦርነት የካርቱምን መብራት ክፉኛ ጎድቶታል፤ ብዙ ሐበሾችም ጓዳቸውን እንዳለ ጥለው በመተማ በኩል ወጥተዋል። ስለዚህ ከሰልና ምጣድ ባለበት ሁሉ የሚሠራውን መንገድ ልንገራችሁ። ሱዳኖች ስስ ቂጣቸውን ኪስራን የሚጋግሩበት ሳጅም ይሆናል። ምጣዱን መካከለኛ እሳት ላይ ዘይት አስነክታችሁ ሊጡን ከግማሽ ሳንቲሜትር ሳታወፍሩ በእጃችሁ ዘርጉት፤ ጠርዙ ቶሎ ስለሚያርር ትንሽ ደልደል ይበል። እንጀራ የለመደ እጅ አክምባሎውን ለመክደን ይቸኩላል። አትክደኑ! እንጀራ በእንፋሎቱ ይበስላል፤ የእኛ ቂጣ ግን እንፋሎቱን ማስወጣት አለበት። ሥሩ ሲቀላ በሰፌድ ወይም በሳህን ገልብጡት። ኦቨን ያላችሁ በ200 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ባዶውን ጋግሩት።

ሁለቱም ገጽ ከቀላ በኋላ ነው ላዩ የሚለብሰው። ጥሬ ቲማቲም ውሃውን መልሶ ያመጣዋልና በነጭ ሽንኩርት የተቁላላ የቲማቲም ድልህ በስሱ ቀቡት። አይብ ላይ ካርቱም ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፦ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው የሱዳን አይብ፣ ጂብና ሙደፈራ፣ የረጋው ወተት በሙቀት እየተሳበ የሚሠራ በመሆኑ የጣሊያኑ ሞዛሬላ ዘመድ ነው። ጨዋማ ነውና ቀድማችሁ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ተልትሉት፣ ከዚያም አድርቁት። የእኛ አይብ ግን አይቀልጥም፤ አሬራው ሲሞቅ የረጋ ስለሆነ እሳት ቢያገኘው ይደርቃል እንጂ አይሳብም። ከወደዳችሁት ሲወጣ ፈርፍሩበት። አክምባሎው ተራው አሁን ነው፤ አይቡ እስኪቀልጥ ጥቂት ደቂቃ ክደኑት።

ለጾም የሚሆነው ከዚህ ብዙም አይለይም። አዲስ አበባ የጾም ፒዛን በየምግብ ቤቱ ለምዳለች፤ አይቡ ይቀርና አትክልቱ ይበዛል። እዚህ ግን እንቁላሉም ስለሚወጣ ተጨማሪ አንድ ማንኪያ የተልባ ዱቄት በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ እስኪወፍር ጠብቁና በእንቁላሉ ቦታ አግቡት። ቂጣው ትንሽ ይለሰልሳል፤ አሳስቶ መዘርጋት ነው። ላዩ ላይ በደረቁ የተጠበሰ እንጉዳይ፣ ቃሪያና የተቆላ ሰሊጥ አድርጉበት።

ከስንዴው ፒዛ ጋር ግን አታፎካክሩት። አይሳብም፣ አይነፋም፤ የለውዝ ጣዕሙም አይደበቅም፤ እኔ ለራሱ ነው የምወደው። ቂጣውን አብዝታችሁ ባዶውን ከጋገራችሁ በረዶ ቤት ይቀመጣል፤ በሌላ ቀን ሳይሟሟ ቀጥታ የጋለ ምጣድ ላይ ይጣላል። መብራቱ በማያስተማምንበት ሰፈር ያላችሁ ግን ማታውኑ ጨርሱት።