ጉማ (ፊልም)

ጉማ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ያዘጋጁት የግሪክ ዝርያ ያላቸው ሚሼል ፓፓታኪስ ናቸው። «ሂሩት አባቷ ማነው» ከተሠራ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የመጣ ሲሆን፣ ከአገሪቱ ቀደምት ረጅም ፊልሞች አንዱ ነው።

የፊልሙ ጉዳይ ቂምና ደም መመለስ ነው። «ጉማ» የሚለው ቃል ለሟች ወገን የሚከፈለውን የደም ካሳ ያመለክታል። በብዙ አገሮች የወንበዴ ፊልሞች፣ ለምሳሌ በቤንጋልኛ ወይም በእንግሊዝኛ በሚሠሩት፣ በቀል የሚያበቃው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ጥይት ነው። በጉማ ልማድ ግን ሽማግሌዎች መሃል ይገባሉ፤ የገዳይ ወገን ካሳ ይከፍላል፤ የሟች ወገንም ደሙን ከመመለስ ይቆጠባል። እርቅ ካልወረደ በቀሉ ገዳዩን ብቻ ሳይሆን ምንም ያላጠፉ ወንድሞቹንና ዘመዶቹንም ሊያገኝ ይችላል።

ተመሳሳይ ልማድ በሌሎች አካባቢዎችም አለ። በወሎ አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ አስቀምጠው ያስታርቃሉ። ይህም «ደም ማድረቅ» ይባላል።

ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚሰጠው የጉማ የፊልም ሽልማት ስያሜውን ያገኘው ከዚህ ፊልም ነው።