እህቴና ማስተርሷ

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። ዲግሪዋን ከያዘች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ማስተርስ ልማር ብላ ተነስታለች። «ፈተናውን ካለፍሽ ምን ችግር አለ?» ስላት ሳቀችብኝ።

ፈተናው ጋት የሚሉት አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ነው። ከዚያ የትምህርት መስክ ይመረጣል። ለኛ ነርሲንግ ሁሉ አንድ ይመስለናል እንጂ በማስተርስ ደረጃ የአዋቂዎች ጤና፣ የሕፃናት፣ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን እየተባለ ይከፋፈላል። እህቴ የምትሠራው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለሆነ እሱኑ መርጣለች።

ዋናው ራስ ምታት ለካ ስፖንሰር ኖሯል! መደበኛው ትምህርት ሁለት ዓመት ነው፤ የክፍል ትምህርት፣ የሆስፒታል ልምምድ፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጥናት አለው። መሥሪያ ቤቷ ከላካት ደመወዟ ሳይቋረጥ ትማራለች፤ በምትኩ ተመልሳ ለማገልገል ውል ትፈርማለች። ካልላካት ግን ወይ ሥራ መልቀቅ ነው፣ ወይ ሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ ቀን ክፍል መግባት። አለቃዋ «አንቺ ከሄድሽ ማን ይተካሻል?» አሏት። እውነታቸውን ነው እኮ፤ ሌሊት ሁለት ነርስ ብቻ የሚያድርበት ክፍል ነው።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ከባልደረቦቿ ማስተርስ የያዙት አብዛኞቹ ዛሬ ኮሌጅ ያስተምራሉ። አልፈርድባቸውም፣ ሌሊት ማደር ይሰለቻል። እሷ ግን «እኔ የምማረው እዚያው አልጋ አጠገብ ለመመለስ ነው» ትላለች። ማመልከቻዋ እስካሁን አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። እሷ ሒሳቡን ታጠናለች፣ እኔ እንግሊዝኛውን አስጠናታለሁ።