«ቆይ፣ እናያለን» ይርጋን አያቆምም

ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የገባ ወጣት ብዙ ነው። ለበዓል አገር ቤት ሲመጣ ስንት ይከፍሉሃል ብለን እንጠይቀዋለን፤ ስለ መብቱ ግን ማንም አያነሳለትም። ወዳጆቼ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ማለትም ቁጥር 1156/2011ን፣ ገልጬ ካነበብኩ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የማወራው አንድ ነገር ነው። ሕጉ ለሠራተኛ የሰጠው መብት ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉም ቀን ተቆርጦለታል።

ያለ አግባብ የተባረረ ሰው «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ መክሰስ የሚችለው በ3 ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል። ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያም እንዲሁ 6 ወር ነው።

እንበል፣ አንድ ልጅ መስከረም 10 ከሥራ ተባረረ። አለቃው «ቆይ፣ እናያለን» አለው። ልጁም ቃሉን አምኖ ጠበቀ። ኅዳር ላይ ገብስ ሊያጭድ ወደ መንዝ ወጣ፣ ገናን ከእናቱ ጋር ዋለ፣ ጥምቀትን አክብሮ ተመለሰ። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው ግን ታኅሣሥ ላይ ሞቷል። የአለቃ የቃል ተስፋ ጊዜውን አንድ ቀን እንኳ አያራዝምለትም። ይርጋን የሚያቋርጠው ለሥራ ክርክር ችሎት ክስ ማቅረብ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል አቤቱታ ማስገባት፣ አለዚያም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ስለዚህ «እናያለን» ላለ አለቃ መልሱ ትሕትና ያለው ይሁን፤ «እሺ ጋሼ፣ ይችኑ በወረቀት ጻፉልኝ።» ካልጻፈ ወደ ችሎት ነው። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅበት ስነግራቸው የሚደነቁ ወዳጆች አሉኝ፤ ብዙ ሰው ከደጁ የሚመለሰው ገንዘብ ይጠይቁኛል ብሎ ነውና።

ጊዜው ለአሠሪውም ይቆጠራል። ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃ ጥፋት አግኝቻለሁ የሚል አሠሪ፣ ጥፋቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ዕድሉ ያልፈዋል። ስንብቱም ምክንያቱና ቀኑ ተጠቅሶ በጽሑፍ መሆን አለበት።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ያዙ። የወር ደመወዝ 4,160 ብር ነው እንበል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በተለመደው ስሌት ደመወዙን ለወሩ 208 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 20 ብር ይሆናል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ 30 ብር። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት 1.75 ነው፤ 35 ብር። በሳምንት የዕረፍት ቀን እጥፍ፣ 40 ብር። በሕዝብ በዓል ቀን 2.5፣ ማለትም 50 ብር። በየምሽቱ የሠራችሁበትን ሰዓት በኪስ ደብተር ከነቀኑ መዝግቡ። ጥያቄውን ደግሞ ከ6 ወር በላይ አታስተኙት።

ለእኛ አገር ሰው በጣም የሚጠቅመው ግን የልቅሶው ነገር ይመስለኛል። መርዶ ሲሰማ ሳይናገር መኪና የሚሳፈር ሰው አለ፤ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ያገኛል። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ አለ። ለራሱ ለሠራተኛው ሠርግም ያው 3 ቀን። ልዩና አሳሳቢ ነገር ሲደርስ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ይፈቀዳል፤ ይህኛው በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አያልፍም። ታዲያ ከመሳፈር በፊት ቢያንስ አንድ የስልክ መልእክት ይላክ፤ የተላከበት ቀንና ሰዓት በስልኩ ላይ ይቀራልና።

«እኔ እኮ ውል አልፈረምኩም» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራበት ነው። የቃል ውልም ውል ነው። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ፈርሞ መስጠት አለበት፤ አለመስጠቱም የሠራተኛውን መብት አይነካም። ባጅ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ደብተር፣ አብሮ የሠራ ምስክር፣ እነዚህን ሁሉ ያዙ። የሙከራው ጊዜ ግን ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሰናበት ሰው የማስጠንቀቂያ ጊዜ የለውም።

አሁን የሚከነክነኝ። ከመንዝና ከመርሐቤቴ አዲስ አበባ ወርደው በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንን፣ የግለሰብ ግቢ የሚጠብቁ ወንድሞቻችንን ይህ አዋጅ አያቅፋቸውም። የሆቴል ዘበኛ ይገባል፤ የግለሰብ ቤት ዘበኛ አይገባም። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ አውጥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአሠሪው ጋር የምትኖር የቤት ሠራተኛን የሥራ ሁኔታ ለአሠሪው ሕሊና ነው የተወው። ሌት ተቀን ለምትሠራ ልጅ ይህ አይበቃም፤ ተገቢም አይደለም። ቢሆንም የደመወዝ ውል ውል ነውና ባይከፈላት በመደበኛው ፍርድ ቤት ልትጠይቅ ትችላለች። ስለዚህ ልጅ ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ቤተሰቦች፣ ደመወዟን፣ የዕረፍት ቀኗንና የምትማርበትን ሰዓት ሳትሳፈር በፊት በሁለት ምስክር ፊት አስጽፉ፤ አንዱን ቅጂ እሷ ትያዝ፣ አንዱ እናንተ ዘንድ ይቅር።